የእርሳስ (ሊድ) መመረዝ በሕፃናት ላይ፦ ማን ይመርመር? ውጤቱስ ምን ማለት ነው?

እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት ነው። ለሰውነት ምንም ጥቅም የለውም። በአፍ ወይም በትንፋሽ ገብቶ በደምና በአጥንት ውስጥ ሲጠራቀም የእርሳስ መመረዝ ይባላል። በሐኪሞች ዘንድ ሊድ የሚለው ስያሜም የተለመደ ስለሆነ በላቦራቶሪ ወረቀትዎ ላይ ሁለቱንም ሊያገኙ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና በማሕፀን ያለ ጽንስ ናቸው።

አስቀድመን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እናጥራ። በአማርኛ ተማሪ የሚጽፍበትም እርሳስ ይባላል፣ ብረቱም እርሳስ ይባላል። የመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግን ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው እንጂ ሊድ አይደለም። ስለዚህ ልጅዎ የእርሳሱን ጫፍ ስላኘከ አይመረዝም። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በመኪና ባትሪ፣ በጥይት አረር፣ በአንዳንድ ቀለሞችና ኩሎች ውስጥ ስለሚገኘው ብረት ነው።

ለምን በዓይን አይታይም?

አብዛኞቹ የተመረዙ ልጆች የታመሙ አይመስሉም። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሌሊት ይተኛሉ። እርሳሱ ግን አንጎል በፍጥነት በሚያድግበት በዚያው ጊዜ ገብቶ ሥራውን ይሠራል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ፣ ልጁ ትምህርት ሲከብደው፣ የነገሩትን መያዝ ሲያቅተው፣ በትንሽ በትልቁ ሲቆጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «ሰነፍ ነው» ወይም «ረባሽ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ማንም ወደ ሕፃንነቱ ተመልሶ ደሙን አይጠይቅም። አንዴ የደረሰ የአንጎል ጉዳት በአብዛኛው አይመለስም። ሕመሙ ከመታየቱ በፊት ደምን የመመርመር፣ ማለትም የልየታ ምርመራ፣ ትርጉሙ ይህ ነው።

ሕፃናት ከአዋቂ ይልቅ የሚጎዱበት ምክንያት ቀላል ነው። መሬት ላይ ይድሃሉ፣ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትንሽ ልጅ ከአንድ ምንጭ የሚያገኘውን እርሳስ ከአዋቂ አራት እስከ አምስት እጥፍ አድርጎ ወደ ሰውነቱ ያስገባል። ሆዱ ባዶ ከሆነ ወይም ደም ማነስ ካለበት ደግሞ ይበልጥ ያስገባል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች፣ ማለትም ከሦስት ልጆች አንዱ፣ በደማቸው ውስጥ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለባቸው ገምተዋል። አብዛኞቹ የሚኖሩት በድሃና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች ነው።

መጠኑ ከፍ ሲል የሚታዩ ምልክቶች አሉ፤ እየመላለሰ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት፣ ሆድ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካም፣ መገርጣት፣ መነጫነጭ። ይናገር የነበረ ልጅ ቃላት መርሳት፣ ይሄድ የነበረ ልጅ መንገዳገድም አለ። ችግሩ እነዚህ ሁሉ የሆድ ትላትልም፣ የወባም፣ የምግብ እጥረትም ምልክቶች መሆናቸው ነው። በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው ይህን ያሳያል። ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በየቤቱ ይፈጩ በነበሩ መንደሮች ልጆች እየተንቀጠቀጡ ሲሞቱ በመጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነበር። ደማቸው ሲመረመር ግን ከድንጋዩ ጋር የሚወጣው እርሳስ ተገኘ፤ ከ400 በላይ ልጆች ሞተዋል።

አስቸኳይ ሁኔታ፦ ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ሲጠሩት ካልነቃ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጸበልም ሆነ ዱዓ የሚያደርግ ቤተሰብ ያንን ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ማድረግ ይችላል፤ ሕክምናው ግን አይዘግይ። ቤት ውስጥ ባትሪ፣ የቀለጠ ብረት ወይም ኩል ካለ ለሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ይንገሩ። ባለሙያው ካልሰማ ስለ እርሳስ ላያስብ ይችላል።

እርሳሱ ከየት ይመጣል?

ከአንኮበር ቁልቁል ተወርዶ የሚገኘው አሊዩ አምባ የቆየ የገበያ ከተማ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር በኩል የሚመጡ ቅፍለቶች ሸቀጣቸውን የሚያራግፉበት፣ ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኝበት ቦታ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ዛሬ አንድ ዙር ቢዞሩ በዓለም ዙሪያ የልጆች የእርሳስ ምንጭ ሆነው የተገኙትን የዕቃ ዓይነቶች አብዛኞቹን ያገኛሉ። ይህ ማለት የአሊዩ አምባ ልጆች ተመርዘዋል ማለት አይደለም፤ በየትኛውም የኢትዮጵያ ገበያ ብንዞር ያው ነው። ነገር ግን ቤተሰብ ምን ላይ ዓይኑን ማሳረፍ እንዳለበት ለማሳየት ገበያ ጥሩ ቦታ ነው።

ከኩል እንጀምር። ኩል ከተለያየ ነገር ይሠራል፤ አንዳንዱ ከጥላሸት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ ነው። ያ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጋሌና የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ሆኖ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ዱቄት ከግማሽ ክብደቱ በላይ እርሳስ ሊሆን ይችላል። ዱቄቱን በማየትና በመዳሰስ መለየት አይቻልም። ለዓይን ጥራት፣ ለውበት ወይም ከክፉ ዓይን ለመጠበቅ ተብሎ ሕፃን ሲኳል፣ ልጁ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል፤ እርሳሱ የሚገባው በዚህ ነው። ምክራችን አጭር ነው፤ ሕፃንን አይኳሉ። እናትም የምትኳል ከሆነ ልጇን ከመያዟ በፊት እጇን ትታጠብ፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ብትተወው ይሻላል።

ቀጥሎ ብረት ድስት። ከፋብሪካ በወጣ ንጹሕ አሉሚኒየም የተሠራው ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው ከወዳደቀ የሞተር ክፍል፣ ከቆርቆሮና ከሽቦ ቁርጥራጭ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የተጣለው ወፍራሙ ድስት ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት ያቀለጠው ሰው እንኳ አያውቅም። በአሜሪካ በሲያትል አካባቢ የጤና ባለሙያዎች ከአፍጋኒስታን በመጡ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ በዝቶ አግኝተው ምንጩን ሲፈልጉ፣ ቤተሰቦቹ ይዘዋቸው በመጡ የአሉሚኒየም ድስቶች ላይ ደርሰዋል። ቲማቲም፣ ሎሚና ሌላ ኮምጣጣ ነገር ረጅም ሰዓት ሲበስል እርሳሱን ከድስቱ ያወጣዋል፤ በተለይ ምግቡ እዚያው ሲያድር። አያቶቻችን ወጥ የሚሠሩበት የሸክላ ድስት በአብዛኛው የመስታወት ቅባት የሌለው ስለሆነ በሌሎች ሀገሮች ከሸክላ ዕቃ ጋር የሚነሳው የእርሳስ ቅባት ሥጋት አይመለከተውም። ለልጁ ገንፎና ወጥ የሚሆን አንድ ሸክላ ወይም አንድ የማይዝግ ብረት ድስት መለየት ከተቻለ ጥሩ ነው። በስታኞ የተበየደ ማንቆርቆሪያም ለልጅ ውሃ ማፍያ አይሁን።

እርድና ሌሎች ቢጫ ቅመሞች የተለየ ታሪክ አላቸው። በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርዱ ደማቅ እንዲሆን ሊድ ክሮሜት የተባለ ቢጫ የኢንዱስትሪ ቀለም ይቀቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በገበያ ከተወሰዱ የእርድ ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት፤ መንግሥት ነጋዴዎቹን መርምሮ፣ ቀጥቶና ሕዝቡን አስተምሮ በ2021 ወደ ዜሮ ወርዷል። በጥቂት ዓመት ሊስተካከል የሚችል ነገር መሆኑን ያሳያል። በቤት ደረጃ ያለው መከላከያ ሥሩን ገዝቶ አድርቆ ማስፈጨት ነው፤ ተፈጭቶ ከመጣ እጅግ ደማቅ ዱቄት ይልቅ ይመረጣል።

ስለ ቀለም ትንሽ ረዘም እናድርግ፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ከሌሎቹ ይልቅ ማስረጃ የተሰበሰበበት ነው። ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር በገበያ ላይ ያሉ የዘይት (ሲንተቲክ) ቀለሞችን በተለያዩ ጊዜያት አስመርምሮ ብዙዎቹ ከፍ ያለ እርሳስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2010 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ደንቡ ግን ቀድሞ የተቀባውን በርና መስኮት አይፍቅም። ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካናማ የዘይት ቀለሞች፣ እንዲሁም ለብረት በር መጀመሪያ የሚቀባው ብርቱካናማ አንቲረስት የበለጠ ይጠረጠራሉ። ቀለሙ ሳይላጥ ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። አደጋው ሲሰነጠቅና ሲረግፍ፣ ወይም ለእድሳት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ነው፤ ያን ጊዜ አቧራ ሆኖ ወለሉ ላይ፣ መጫወቻው ላይ፣ እንጀራው ላይ ያርፋል። ቤት ወይም መዋዕለ ሕፃናት ሲታደስ ልጆች እዚያ አይዋሉ፤ የሚፈገፈገው ይረጠብ።

ከሁሉ የከፋው ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ አለ። ገጠር ውስጥ ለሶላር መብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለሙዚቃ ሲያገለግል ቆይቶ ሲሞት ቁራሌው ይገዛዋል ወይም እጓሮ ይጣላል። አንዳንዱም ሰብሮ እርሳሱን ያቀልጠዋል። በሴኔጋል ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 18 ልጆች የሞቱት እንዲህ ባለ ሥራ ምክንያት ነው፤ ሰዎች በየቤታቸውና በየአደባባዩ ባትሪ ይሰብሩ፣ እርሳስ ያለበትንም አሸዋ ይነፉ ነበር። ያረጀ ባትሪ ካለዎት ሳይሰብሩ፣ አሲዱን ሳያፈሱ፣ ቀጥ አድርገው ልጅ በማይደርስበት ያስቀምጡና እንዳለ ይሽጡ። የአሲዱ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለውሃና ለጠላ አይሆንም።

አባት ወይም ወንድም ጋራዥ፣ ራዲያተር ብየዳ፣ ቀለም ቅብ ወይም ብረት ማቅለጥ ቢሠራ እርሳሱ በቱታውና በጫማው ቤት ይገባል። በጅማ ከተማ በጋራዥ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደማቸው ያለው እርሳስ በጋራዥ ከማይሠሩ ሰዎች ደም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ቱታው እሥራ ቦታ ይውለቅ፤ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ፤ አባትም ልጁን ከማቀፉ በፊት ይታጠብ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አፈር የሚበላ ልጅም አለ። አፈር መብላት ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነውና ልጁን ከመቆጣት ይልቅ ማስመርመር ይሻላል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉ ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ፣ በዓለም ደረጃ ደግሞ አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና በ2021 ቆሟል፤ ሆኖም በቆዩ ዋና መንገዶች ዳር ያለው አፈር የያዘውን እርሳስ አልለቀቀም።

ማን ይመርመር?

አሜሪካን በመሰሉ ሀገሮች በመንግሥት የጤና ሽፋን ያሉ ልጆች በ12 እና በ24 ወራቸው ደማቸው ይለካል። በኢትዮጵያ ሁሉም ሕፃናት እንደ ክትባት በተራ የሚመረመሩበት ፕሮግራም የለም፤ ምርመራውም በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ሀገር የመጀመሪያው ልየታ የሚደረገው በጥያቄ ነው፤ ጠያቂውም ቤተሰቡ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ልጁ በ9 ወርና በ15 ወር ለኩፍኝ ክትባት የሚሄድበት ቀን ነው ብለን እናምናለን፤ ልጁ መዳህና መሄድ የጀመረበት፣ ሁሉን ነገር ወደ አፉ የሚወስድበት ዕድሜም ይኸው ነው።

በዚያ ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለነርሷ የሚከተለውን ይንገሩ። ልጁ ይኳላል? በቤት ወይም በአጠገቡ ባትሪ ይሰበራል፣ እርሳስ ይቀልጣል? ከቤተሰቡ በጋራዥ፣ በብየዳ ወይም በቀለም ሥራ ያለ ሰው አለ? ቀለም የሚረግፍበት ግድግዳ፣ በር ወይም አልጋ አለ? ልጁ አፈር ወይም የቀለም ቅርፊት ይበላል? ቀልጦ በተሠራ ብረት ድስት ይበስልለታል? ወንድሙ ወይም እህቱ በደማቸው እርሳስ ተገኝቶባቸዋል? ከእነዚህ አንዱ «አዎ» ከሆነ ምንጩን ለማስወገድ ምርመራ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ያስወግዱት። ባትሪ መስበርና እርሳስ ማቅለጥ ካለ፣ ወይም ከ«አዎ»ው ጋር ደም ማነስ፣ የንግግር መዘግየት ወይም የማይለቅ የሆድ ቁርጠት ካለ ደግሞ ልጁ ደሙ እንዲለካ ሪፈር እንዲጻፍለት ይጠይቁ።

ከአንኮበር አካባቢ የሚመጣ ቤተሰብ ሪፈሩ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ደብረ ብርሃን ነው። ከመነሣትዎ በፊት የሚልክዎ ባለሙያ ስልክ ደውሎ ናሙናው እዚያ ይወሰድ ወይስ ወደ አዲስ አበባ ይላክ እንደሆነ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ፤ የትራንስፖርቱን ገንዘብ ሁለቴ እንዳያወጡ ነው።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጣትን ወግቶ በጥቂት ጠብታ መለካት ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በጣቱ ቆዳ ላይ ያለ አቧራ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የልጁ እጅ አስቀድሞ በሳሙና በደንብ ይታጠባል፣ ከፍ ያለ ውጤት ከመጣም ከደም ሥር በተወሰደ ደም ይረጋገጣል። ሁለተኛውና የሚታመነው ይኸው ከደም ሥር የሚወሰደው ነው። ጾም አያስፈልገውም። በፀጉር ወይም በጥፍር «እርሳስ እንለካለን» የሚሉ ምርመራዎች ለውሳኔ አይጠቅሙም፤ ገንዘብዎን አያውጡባቸው። የሄሞግሎቢን ምርመራ ጤናማ መሆኑም እርሳስ የለም ማለት አይደለም፤ ደም ማነስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ነው።

ውጤቱን ማንበብ

ውጤቱ የሚጻፈው በማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው። ዴሲሊትር ከአንድ የቡና ስኒ ጥቂት የሚበልጥ መጠን ሲሆን ማይክሮግራም ደግሞ የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን የምንለው ምን ያህል ጥቂት ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ እንዲታይ ነው። ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ ከታች ያሉት ቁጥሮች «ከዚህ በታች ምንም አይደለም» የሚሉ ሳይሆኑ ምን መደረግ እንዳለበት የሚጠቁሙ ናቸው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 3.5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ክትትል እንዲደረግለት ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ፣ የካልሲየምና የብረት እጥረት ያለበት ልጅም እንዲታከም ያዛል። 45 ሲደርስ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ እርሳሱን አስሮ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት እንዲሰጥ ይመክራል። 70 እና ከዚያ በላይ ልጁ ደኅና ቢመስልም የሆስፒታል አስቸኳይ ጉዳይ ነው፤ አንጎል ሊያብጥ ይችላል።

ሕክምናው

መጀመሪያና ዋናው ሕክምና ምንጩን ማራቅ ነው። ይህ ለብዙ ወላጆች አይጥምም፤ መድኃኒት ሳይሰጠኝ ተመለስኩ ይላሉ። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደማቸው ከ20 እስከ 44 የነበረ 780 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። መድኃኒቱ የተሰጣቸው ልጆች የደማቸው እርሳስ ቀንሷል፤ በአእምሮ ፈተና ግን ካልተሰጣቸው አልተሻሉም። መድኃኒቱ ሕይወት የሚያድነው መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ነው። የጎንዮሽ ጉዳትም ስላለው ክትትል ይፈልጋል፤ ልጁ እየተወሰደ ያለበት ምንጭ ሳይወገድ ቢሰጥ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው። ደምን «ያጠራሉ» ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶችና ሥራ ሥሮችን አይስጡ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው እርሳስ ይዘው ተገኝተዋል።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ሁለተኛው ነገር አቧራን መቀነስ ነው። ወለሉ አፈር ወይም እበት የተለቀለቀ ከሆነ ውሃ አርከፍክፈው ይጥረጉ፤ ሲሚንቶ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ልጁ ከመብላቱና ከመተኛቱ በፊት እጁን በሳሙና ያስታጥቡት። ጫማ ከደጅ ይውለቅ።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ባዶ ሆድ እርሳስን ይበልጥ ስለሚስብ ለትንሽ ልጅ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይጠቅማል። ብረት ያለባቸው ጤፍ፣ ምስርና ሥጋ፣ ካልሲየም ያለባቸው ወተትና እርጎ፣ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው የሚያግዙ ብርቱካን፣ ሎሚና ቲማቲም ጥሩ ናቸው። ሻይ ብረትን ስለሚከለክል ለሕፃን ከምግብ ጋር አይሰጥ፤ ሻይ በዳቦ የብዙ ልጆች ቁርስ መሆኑን እናውቃለን፣ ወተት ካልተገኘ በውሃ ቢበላ ይሻላል። በጾም ወራት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ስለጾመ ብቻ የሕፃኑ ወተትና እንቁላል እንዳይቋረጥ ያስቡ፤ ዕቃው ይነካካል ተብሎ የሚተወው ብዙ ነው፣ ለእሱ የተለየ ዕቃ በመያዝ ይፈታል። ጡት የምታጠባ እናት በራሷ ውሳኔ ጡት ማስጣል የለባትም፤ የእሷም ደም ተለክቶ ሐኪሙ ይንገራት።

በውጭ ሀገር ላሉ ቤተሰቦች

በስደተኝነት ወደ አሜሪካ የሚገቡ ከ6 ወር እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በሙሉ በገቡ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመረመሩ፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እንዲደገምላቸው ይመከራል። ድጋሚው የሚያስፈልገው አዲሱ ቤት ራሱ ምንጭ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ በዚያ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠሩ ቤቶች ብዙዎቹ የእርሳስ ቀለም አለባቸው። ውጤቱ ከፍ ብሎ ነርስ ቤትዎ ስትመጣ ከሀገር ቤት የተላከውን ኩል፣ እርድና ድስት ያሳዩአት። ልጅ ለመንጠቅ ወይም ለመክሰስ ሳይሆን ምንጩን ለመለየት ነው የምትጠይቀው፤ ብዙ የጤና ቢሮዎች ዕቃውን ወስደው ያስመረምራሉ።

ክትትሉ

ምንጩ ከራቀ በኋላ በደም ያለው እርሳስ በግማሽ ለመቀነስ በግምት አንድ ወር ይፈልጋል፤ ለረጅም ጊዜ ሲጠራቀም ከቆየ ግን አጥንት ውስጥ የገባው ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚመለስ ቁጥሩ ወራትና ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቁጥሩ በዝግታ መውረዱ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ወደ ላይ ከወጣ ግን ያልተገኘ ምንጭ አለ ማለት ስለሆነ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል። መጠኑ ዝቅተኛ ከሆነ በሦስት ወር ገደማ፣ ከ20 በላይ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይደገማል። በመድኃኒት የወረደም ቢሆን ከአጥንት ተመልሶ ሊጨምር ስለሚችል ቀጠሮው አይለፍ። በአንድ ቤት አንድ ልጅ ከተገኘበት ከስድስት ዓመት በታች ያሉት ወንድሞቹና እህቶቹ፣ ነፍሰ ጡር ካለችም እሷ፣ በዚያው ሰሞን ይመርመሩ። የውጤቱን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር አብረው ያስቀምጡ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ከብዶት ከታየ መምህሩና ሐኪሙ ቀድመው እንዲረዱት ያንን ወረቀት ማየት ይጠቅማቸዋል።